አዌቱ ዳር ያለው ቦታ እውነት ባዶ ነው?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጅማ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አዌቱ ወንዝ ዳር አንድ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ባለፈው የሰፈር ስብሰባ በዚሁ ቦታ ተጨቃጨቅን። ግማሹ የገበያ ሕንፃ ይሠራበት አለ። ግማሹ ፓርክ አለ። ወጣቶቹ ሼድ ተሠርቶልን መኪና እንጠብበት አሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ባይነካ ይሻላል አሉ። እርስዎ በከተማ ፕላን ሥራ ብዙ ቆይተዋል። የቱ ነው ትክክል? በጎን ደግሞ፣ እዚያው አጠገብ 150 ካሬ የሚያስተላልፍልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ልግባበት?»

ምላሽ፦

የ150 ካሬዋን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አልረሳሁትም።

መጀመሪያ «ባዶ» በሚለው ቃል እንነጋገር። በሥራዬ ስንት «ባዶ ቦታ» አይቻለሁ። ካርታው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሄደው ሲቆሙበት ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሴቶች ቄጤማ ያጭዱበታል። ያ ቄጤማ ከሰዓት በኋላ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ተጎዝጉዞ ይገኛል። አንዱ ጥግ ጎመንና ሰላጣ ተተክሏል። ላም ይግጣል። ልጆች ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው ኳስ ይጫወታሉ። አንዱ ባጃጁን አቁሞ በባልዲ ያጥባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የሁሉም ትልቁ ተጠቃሚ ይመጣል። እሱም ወንዙ ነው።

ስብሰባችሁ ላይ ስለ ወንዙ የተናገረ ሰው ካለ ሽማግሌዎቹ ናቸው። «አይነካ» ሲሉ ለውጥ ጠልተው ነው ብላችሁ አልፋችኋቸው ይሆናል። እኔ ብሆን ከስብሰባው በኋላ ቡና ጋብዤ ቁጭ አደርጋቸው ነበር። ውሃው አንድ ክረምት ላይ የት ደርሶ እንደነበር በዓይናቸው ያዩት እነሱ ናቸው። እኛ ፕላን ሠሪዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተን የምንፈልገው መረጃ እነሱ ጭንቅላት ውስጥ በነፃ ተቀምጧል።

አቋሜን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። ወንዝ ዳር ስላለ መሬት ስንከራከር «ምን ይሠራበት?» ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ውሃው እስከ የት ይመጣል?» ነው። ይህ ሳይመለስ ስለ ሕንፃና ስለ ፓርክ መጨቃጨቅ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ ሳያውቁ ምንጣፍ እንደ መግዛት ነው።

አዌቱ ያታልላል። በጥርና በየካቲት ሲያዩት ልጅ ዘሎ የሚሻገረው የሚመስል ቦታ አለው። ከተማዋን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ይወርዳል። ውሃው በመጨረሻ ጊልጌል ጊቤ ይገባል። ቀጭን ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ግን ጅማ እኮ ዝናብ የምትጠግብ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በቀላሉ ላስላልዎት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ሄክታር መሬት፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር፣ በንጣፍና በቆርቆሮ ጣሪያ ሸፈንን እንበል። አንድ ቀን ከሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ግማሽ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 50 ቦቴ ማለት ነው። ድሮ ሣሩና አፈሩ አብዛኛውን መጥጠው ቀስ ብለው ይለቁት ነበር። አሁን ከጣሪያ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ የዛሬው አዌቱ የዛሬ 40 ዓመቱ አዌቱ አይደለም። ዝናቡ ያው ሊሆን ይችላል፣ ከተማዋ ግን ጣሪያ ሆናለች።

አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ሂርማታ ገበያ ነበር። ጣልያኖች መጥተው ከተማዋን ወደ ሜዳው አስፋፉ፣ እኛም በዚያው ቀጠልን። ከፍታ ላይ መኖር ለግርማ ሞገስ ነው፣ ለጥበቃም ነው። ግን ቤት ውሃ እንዳይገባውም ይጠቅማል። ይህቺን እንደ ጨዋታ ይውሰዱልኝ።

ድሬዳዋን ግን እንደ ጨዋታ አይውሰዷት። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። በአጠገቡም ሰው ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ መገባደጃ ላይ፣ በሌሊት ጎርፍ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ከተማው ላይ የዘነበው ብቻ አይደለም ያን ያደረገው። ከላይ ከተራሮቹ የወረደው ውሃ ነው። አዌቱ ደቻቱ አይደለም። መሬቱም፣ አየሩም፣ የውሃው ባሕርይም ይለያያል። ግን «ደረቅ ስለሆነ ባዶ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በሁለቱም ከተማ አንድ ነው።

ባለሙያዎች «የ50 ዓመት ጎርፍ» ሲሉ ይሰማሉ። ብዙ ሰው በ50 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ 50 ዓመት የሚያርፍ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ ሁለት ነው ማለት ነው። ዘንድሮ ቢመጣም ለከርሞ ዕድሉ ያው ከመቶ ሁለት ነው። አሁን የ30 ዓመት ብድር ተበድረው ይህ ጎርፍ በሚደርስበት መስመር ውስጥ ሕንፃ ሠሩ እንበል። ብድሩ ሳያልቅ ቢያንስ አንዴ ውሃ የመግባቱ ዕድል ከመቶ 45 ነው። ሳንቲም ወርውሮ እንደ መበደር ነው። ለ100 ዓመቱ ጎርፍ ቢያሰሉት እንኳ በ30 ዓመት ውስጥ ከመቶ 26 ይሆናል። ስብሰባው ላይ የገበያ ሕንፃ ያሉት ሰዎች ይህን ስሌት ቢያዩት ቢያንስ ቦታውን ትንሽ ወደ መንገዱ ያስጠጉት ነበር።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «ታዲያ ግንብ ይሠራለታ!» ይላል።

ግንብ ይሠራል። ድንጋይ በሽቦ ታስሮ የሚደረደረው ጋቢዮንም አለ፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ውሃ ስለሚያሳልፍ ከደረቅ ኮንክሪት ይሻላል። ግን ግንብ ውሃውን አያጠፋውም። እናንተ ጋ እንዳይወጣ የከለከላችሁት ውሃ ፍጥነቱን ጨምሮ ወደ ታች ሰፈር ይሄዳል። እናንተ ዳነን ስትሉ የታችኞቹ ቤት ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት እነሱም ይገነባሉ። ከዚያም ከእነሱ በታች ያሉት። እንዲህ እየተባለ ወንዙ ቱቦ ይሆናል። ቱቦ የሆነ ወንዝ ደግሞ የሚፈነዳው ባልተጠበቀ ቦታ ነው። ግንብ አስፈላጊ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ድልድይ አጠገብ፣ ቤት የተሠራበት ጠርዝ ላይ። ገና ያልተሠራበት ሰፊ ቦታ ላይ ግን መስፋት የሚችለውን ወንዝ በገንዘባችን ማጥበብ ነው።

አሁን ወደ ሐሳቦቻችሁ ልምጣ።

የገበያ ሕንፃው ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ከተማ ገቢ ይፈልጋል። መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ለማዘጋጃ ቤቱ ብር ይገባል፣ መንገድም የሚሠራው ከዚያ ነው። ይህን የሚንቁ ሰዎችን አልወድም፣ ፓርክ በምኞት አይጠረግም። ነገር ግን የወንዝ ዳር ሕንፃ በእኛ ከተሞች አንድ የተለመደ ጠባይ አለው። ፊቱን ለመንገድ፣ ጀርባውን ለወንዝ ይሰጣል። ጀርባ ላይ ምን እንደሚቀመጥ እናውቃለን። መጸዳጃ ቤት፣ ጄኔሬተር፣ የወጥ ቤት ቱቦ፣ ቆሻሻ። አንድ ረድፍ ሕንፃ እንዲህ ከተሠራ በኋላ ወንዙ ለሁለት ትውልድ ጓሮ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ለማስተካከል የሚወጣው ለመሥራት ከወጣው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሕንፃ ከተባለ፣ በከፍታው በኩል፣ ከመንገዱ ጎን፣ መስኮትና በረንዳው ወደ ወንዙ ዞሮ። በወንዙና በሕንፃው መሀል ሰው የሚሄድበት መንገድ ኖሮ። ይህ ሁኔታ ከጨረታ በፊት ሰነዱ ላይ ካልገባ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ፓርኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፓርክን የሚቃወም ሰው ስለሌለ ማንም በቁም ነገር አይመረምረውም።

ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ፣ ስሙ ይቅር፣ የወንዝ ዳር ፓርክ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሚያምር ምስል በኮምፒውተር ሠርተን አቀረብን። ፀሐይ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ፊኛ የያዘ ልጅ። ምስሉ ላይ ዝናብ አልነበረም፣ ጭቃ አልነበረም። (ጅማ ውስጥ ዝናብ የሌለው ምስል ማሳየት ስኒ የሌለው ረከቦት እንደ ማቅረብ ነው።) ፓርኩ ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ። በመጀመሪያው ዓመት ሙሽሮች ፎቶ ተነሡበት። በሁለተኛው ዓመት የጥበቃና የአትክልተኛ ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ጥያቄ ተነሣ። መልስ አልነበረም። ያቀድነው ለመሥራት ብቻ ነበር። ወጪ ለመሸፈን ታጥሮ በመግቢያ ብር ሆነ። ያኔ የሰፈሩ ልጆች ቀሩ። ሰው ሲቀር አምፖሉ ተሰረቀ። አምፖሉ ሲሰረቅ ሴቶች ከመሸ በኋላ በዚያ ማለፍ አቆሙ። በአራተኛው ዓመት ከመጀመሪያው የባሰ «ባዶ ቦታ» ሆነ፣ ያውም አጥር ያለው። ስህተቱ የእኔም ነበር። ስንገነባ ያወጣነውን አስልቻለሁ፣ በየዓመቱ የሚያስወጣውን ግን ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ፓርክ የሚል ሰው ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ማን ያጭደዋል? በምን ደመወዝ?

በብራዚል ኩሪቲባ የምትባል ከተማ አለች። ወንዞቿ እየሞሉ ሲያስቸግሯት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ከግንብ ይልቅ ሰፋፊ ፓርኮችን በወንዞቹ ዳር ከፈተች። ውሃ ሲመጣ ፓርኩ ይጠለቀለቃል፣ ሲሄድ ይደርቃል። ሥራው ያ ነው። ሣሩን ለማጨድ ደግሞ በጎች አሰማራች። እኛ ዘንድ ላም ከፓርክ ለማባረር ዘበኛ ይቀጠራል።

የሴኡሉን ምሳሌ ደግሞ የሚወዱት ብዙ ናቸው። ቼንግጌቸን የሚባል በመንገድ የተሸፈነ ወንዝ ነበር። ከላይ የነበረውን ተንጠልጣይ አውራ ጎዳና አፍርሰው ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግር መንገድና ውሃ አደረጉት። በ2005 (በፈረንጆች) ተከፈተ። ድንቅ ነው። ግን እዚያ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው በፓምፕ ከሌላ ወንዝ የሚመጣ ነው። የፓምፑ የመብራት ሒሳብ በየወሩ ይከፈላል። የእኛ ወንዝ በራሱ ይፈሳል። ያለንን ሀብት ትተን የሌለንን ወጪ አንቅዳ። በአገራችንም ቢሆን የአዲስ አበባው የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር እንደሚፈጅ ተነግሮ ነበር። ያ የዋና ከተማ ጉልበት ነው። አሁን የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ስለገባ ሰው ሁሉ የአዲስ አበባን ፎቶ ይዞ ይመጣል። የሚቀዳው ፎቶው ሳይሆን የወንዙን ብክለት ማቆሙ ነው።

የወጣቶቹ መኪና ማጠቢያ ነገር ልቤን ይከፍለዋል። ሥራ ነው። ሥራ አጥ ወጣት ፊት ቆሜ «ረግረጉ ይበልጣል» ማለት አልችልም፣ የሚልም ሰው ካለ ደመወዝተኛ ነው። ግን ወንዝ ዳር መኪና ሲታጠብ ዘይቱ፣ ግራሱ፣ ሳሙናው የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ታች ጎመን የሚያጠጡት ሰዎች ጋ። ያ ጎመን ተመልሶ ገበያ ይወጣል፣ እኛው እንበላዋለን። መፍትሔው ማጠቢያውን መከልከል አይደለም፣ ቦታውን ማዛወር ነው። ወደ መንገዱ፣ ከፍ ወዳለው። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን። ውሃው በሁለት ጉድጓድ ይለፍ፣ በመጀመሪያው ደለሉ ይዘቅጣል፣ በሁለተኛው ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት በየጊዜው ይቀዳል። ውድ ነገር አይደለም። ሼድ ለመሥራት የሚወጣው ብር ውስጥ ሊካተት ይችላል። ለወጣቶቹ ሼድ ሲሰጥ ግን ይህ የሼዱ አካል ሆኖ ይሰጥ፣ «በኋላ ትሠራላችሁ» ተብሎ አይቅር። በኋላ የሚባለው አይመጣም።

ቦዬንም አንርሳ። ብዙ የጅማ ሰው ቦዬን የሚያውቀው በጉማሬውና በወፎቹ ነው። በዳር በዳሩ ጡብ ይቆረጣል፣ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ሣር ይታጨዳል። ከከተማ የወጣ ቆሻሻ ውሃ ረግረጉ ውስጥ ሲገባ ይረጋጋል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ሣሩና ሥሩ ያጣሩታል። ማንም የማይከፍለው የማጣሪያ ጣቢያ ነው። ከላይ ባለ ቦታ የምትወስኑት ሁሉ መጨረሻው ቦዬ ነው። ከቦዬም አልፎ ደለሉ የሚሄደው ወደ ጊልጌል ጊቤ ነው። እዚያ ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ 184 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ አለ። እናንተ ሰፈር የተናደ አፈር ከአዌቱ ተሳፍሮ ግድብ ድረስ የመሄድ አቅም አለው።

ሕጉን ባጭሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 197) የሚመለከተው አካል የወንዝ ዳርቻን እንዲከልል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ (ቁጥር 574) ደግሞ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት የቱ ለምን እንደሚውል የሚያሳየው ዋና ፕላን፣ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ይህን የምነግርዎ ለምን መሰለዎት? ስብሰባችሁ የደግነት ስብሰባ አይደለም። መብታችሁ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ «የእኛ ቦታ መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ምን ተብሏል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማየት መብት አላችሁ። ብዙ ጊዜ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከተከራከረ በኋላ ነው ቦታው ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ የተቀመጠ መሆኑን የሚያውቀው።

ሕጉ የማይደርስላቸው ሰዎችም አሉ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚከፈልበት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1161/2011። የሚጠቅመው በዋናነት ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። ቄጤማ የምታጭደው እናት ካርታ የላትም። ጎመን የሚተክለውም የለውም። ዝርዝር ሲሠራ እነሱ አይጻፉም። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉ። ስንት ሰው በሳምንት ስንት ቀን እዚያ ሥራ ይሠራል? አንድ ደብተር ይበቃል። የመጣው ፕሮጀክት ምንም ይሁን ምን፣ ለእነሱ የተያዘ ቦታ አለ ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ቄጤማ እንደሆን ወንዙ ሰፍቶ ቢተውለት ይበልጥ ያድጋል፣ ከጎርፍ ጋር የሚስማማ ሰብል ነው።

እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? ቦታውን ሳላይ ስፋቱን መናገር አልችልም፣ ግን በሐሳብ ልክ እንዲህ ነው። ከውሃው አጠገብ ያለውን ዝቅተኛ መሬት ለወንዙ እለቅለታለሁ። እዚያ ቄጤማ፣ ቀርከሃ፣ የአገር ዛፍ። ጠርዙ የሚናድ ከሆነ ቬቲቨር የሚባለው ሣር አለ፣ ሥሩ ወደ ታች ሜትሮች የሚወርድ። ይህ ሣር ወደ አገራችን የገባው በጅማ የእርሻ ምርምር በኩል በ1960ዎቹ ነው፣ ለቡና ማሳ ተብሎ። ስለዚህ ዘመድ ነው። ባሕር ዛፍ ግን እዚያ አይተከል፣ በፍጥነት ስለሚያድግ ሰው ይመርጠዋል፣ ከሥሩ ግን ሣር አያስበቅልም፣ ሣር ከሌለ ደግሞ አፈሩን የሚይዘው የለም።

ቀጥሎ ያለው መካከለኛ መሬት ክረምት ላይ ውሃ ሊጎበኘው ይችላል። እዚያ ውሃ ቢገባበት የማይጎዳ ነገር ይሁን። የኳስ ሜዳ። ችግኝ ማፍያ። የእግር መንገድ። ጅማ የኳስ ከተማ ናት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ከተማዋ ምን እንደሆነች ያየን ነን። ልጆቹን ከሁለት ድንጋይ ጎል አንስቶ ለእውነተኛ ጎል ማብቃት ብዙ ብር አይጠይቅም። ሜዳው በሐምሌ ቢጠለቀለቅ ደግሞ ማንም አይከስርም።

ወደ መንገዱ ያለው ከፍታ ላይ ነው ገቢ የሚመጣው። ሱቅ፣ የወጣቶቹ ሼድ፣ የጀበና ቡና፣ ከቻላችሁም የሕዝብ መጸዳጃ ቤት። መጸዳጃውን አትርሱ። ብዙ ቆንጆ ፓርክ የሞተው በመጸዳጃ እጦት ነው። ወንዙ ራሱ መጸዳጃ ይሆናል። የሱቆቹ ኪራይ አንድ ድርሻ ለታችኛው ሜዳ ጥገና እንዲሆን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይታሰር። አለበለዚያ የእኔ ፓርክ የደረሰበት ይደርስበታል። ሱቆቹ ወደ ወንዙ የሚመለከቱ ከሆነ ደግሞ ያለ ደመወዝ ዘበኛ አገኛችሁ ማለት ነው። ቡና የምታፈላ ሴት ባለችበት ቦታ አምፖል አይሰረቅም።

አንድ ሌላ ነገር። ሁሉን በአንዴ አትገንቡ። አንድ በጋ ይሞከር። ሜዳውን አጽዱ፣ የእግር መንገዱን በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ ሁለት የቡና ድንኳን ይቁም። ሰው ይመጣል? ሴቶች ከመሸ ያልፋሉ? ከዚያ ክረምቱ ይለፍበትና ውሃው ምን እንደሚል ስሙት። ከዚያ ሲሚንቶ ይቦካ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ይህን ልጨምር። አዳራሽ ውስጥ አትሰብሰቡ። ቦታው ላይ ቁሙ። ሽማግሌዎቹን ከፊት አድርጋችሁ «ውሃው እስከዚህ መጥቶ ነበር» የሚሉበት ዛፍና ግድግዳ ላይ በቀለም መስመር አስምሩ። ሁለትና ሦስት ሰው ተመሳሳይ ቦታ ካሳየ ያ የእናንተ የጎርፍ መስመር ነው፣ መሐንዲስ መጥቶ በመሣሪያ እስኪለካው ድረስ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ራሱ ይቀዘቅዛል። ከመስመሩ በታች የገበያ ሕንፃ የሚል ሰው አይኖርም፣ ከመስመሩ በላይ ደግሞ «አይነካ» የሚል ሽማግሌ አይኖርም። ተጣልታችሁበት የነበረው አንድ ቦታ ሳይሆን ሁለት ቦታ እንደነበር ያኔ ይታያችኋል።

አሁን የእርስዎ 150 ካሬ።

መጀመሪያ፣ መሬት በአገራችን አይሸጥም አይለወጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው ያለው። የሚተላለፈው በላዩ ያለው ቤትና ሕጋዊ የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ «የሚያስተላልፍልኝ» ያሉት ሰው ባዶ መሬት ብቻ ከሆነ በእጁ ያለው፣ ብርዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። ካርታ አለኝ ካለ ደግሞ ፎቶ ኮፒውን አይመኑ። ከእሱ ጋር አብረው መሬት አስተዳደር ሄደው ማኅደሩን ያስወጡ። ቦታው ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ እዚያው ይጠይቁ። «ነገ እንሄዳለን፣ ቀብዱን ዛሬ ክፈል» ካለዎት መልሱን አግኝተዋል።

ወረቀቱ ንጹህ ቢሆን እንኳ አይቸኩሉ። አሁን በጋ ከሆነ ነሐሴ እስኪመጣ ይጠብቁ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ቦት ጫማ አድርገው ይሂዱና የጎረቤቶቹን ግድግዳ ከበታቹ ይዩ። የጭቃ መስመር ካለ በሜትር ይለኩት። ጎረቤቶቹ በራቸው ላይ ጉልበት የሚያህል የሲሚንቶ ደፍ ሠርተው ከሆነ ለጌጥ አይደለም። ሻጩ «እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ይልዎታል። የቱ ዓመት እንደሆነ ይጠይቁት፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤቶቹ ለየብቻ ይጠይቁ። ዓመቶቹ ከተለያዩ አይግቡበት።